የእትዬ በረኪና ንጹሕ ጋጣ

የልብስ አጣቢዋን ትክክለኛ ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ሁሉም «እትዬ በረኪና» ነው የሚላት፤ ፊት ለፊት የሚላት ግን ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ሲደፍር። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ቤቷ የገባ እንግዳ የተቀመጠበትን ወንበር፣ ሰውዬው ገና ከአጥር ሳይወጣ ስትፈትግ ብዙዎች አይተዋታል። አውቶቡስ ውስጥ ብረት ከምትይዝ ብትወድቅ ትመርጣለች፤ ወድቃም ታውቃለች። ከቤት ስትወጣ ነጭ የክር ጓንት ታጠልቃለች፤ ሰው ሲጨብጣት ፊቷን ላየ ደግሞ የሞተ እንቁራሪት ያስጨበጧት ይመስለዋል። በዚህ ዓለም ካለው ነገር ግማሹ ያንገሸግሻታል፤ የቀረውን ግማሽ ገና አላየችውም።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ ፈረስ የገዛችው።

ነገሩ በጋሪ ነጂው በኩል መጣ። ጋሪ ነጂው የሆቴሎቹን አንሶላ ወደ እሷ ማጠቢያ ቤት ሲያመጣና ታጥቦ ሲመልስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ጋሪውን የሚጎትተው ዳማ ፈረሱ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ የታችኛው ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሊናገር ፈልጎ የተወው የሚመስል። እትዬ በረኪና ጋሪው በሯ ላይ እንዳይቆም ከልክላ ከመንገዱ ማዶ ነበር የምታስቆመው፤ አንሶላው በሰው ትከሻ ይሻገራል። ዳማው ታዲያ ከማዶ ሆኖ አንገቱን ያሰግግና ታጥቦ የወጣውን ልብስ ሽታ ወደ ውስጥ ስቦ በረጅሙ ይተነፍሳል። አንድ ቀን ማሰሪያው ላልቶለት ተሻገረና አፍንጫውን በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ጠረገ። በጥፊ አለችው። በማግስቱ ሲመጣ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ፤ ቂሙ እስኪበርድለት ድረስም ፊቱን አላዞረላትም።

«አየሽው? ቁርጥ አንቺን!» አለ ባሏ። ባሏ ልብስ ተኳሽ ነው፤ ዓለምን የሚያየው ከካውያ እንፋሎት በስተጀርባ ስለሆነ ብዙ ነገር አያናድደውም።

እና አንድ ጧት ጋሪ ነጂው ባለ ሦስት እግር ሞተር እያንጣጣ መጣ።

«ፈረሱስ?» አለችው።

«ተገላገልኩት እትዬ። ቆዳ ነጋዴው ሊወስደው ነው።»

«ወስዶ ምን ሊያደርገው?»

«ምን ያደርገዋል? ይገፈዋላ! ቆዳው ለፋብሪካ፣ ሥጋው ለውሻ።» ይህን እያለ በሞተሩ ቁልፍ ጆሮውን ይኮረኩራል። ያወጣውን አየት አደረገና ሱሪው ላይ ጠረገው።

እትዬ በረኪና ቋቅ አላት። በቁልፉ ይሁን በነገሩ እሷም ለይታ አላወቀችውም። ያንን ሁሉ ዘመን አንሶላ የጎተተ እንስሳ፣ ከንፈሩን አንጠልጥሎ የሷን ሳሙና ሲያሸት የኖረ ፍጡር፣ አርጅቷል ተብሎ ለውሻ! «የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!» አለችው ጋሪ ነጂውን። ከዚያ ገብታ፣ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ አመጣችና በጓንቷ ጫፍ ይዛ ሰጠችው።

«ድመት ፀጉሯ ይረግፋል ብለሽ ያባረርሽ ሴት!» አለ ባሏ፣ ካውያውን አንሥቶ እንደያዘ። «ፈረሱ መላጣ ነው እንዴ?»

«ዝም በል።»

«ዝም እላለሁ። የት ልታስቀምጪው እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

ጥያቄው እሱ ነበር። ጋሪ ነጂው በረቱን ለሞተሩ ስለሚፈልገው ፈረሱን እስከ ቅዳሜ ብቻ ሊያቆይላት ተስማማ። ቆዳ ነጋዴውም ዓይኑን በጨው አጥቦ ማጠቢያ ቤቱ ድረስ መጣ። ጥፍሩ ሥር የደረቀ ነገር አለ፤ ምንነቱን ለማወቅ አልፈለገችም። «ቦታ ካጣሽለት እኔ አለሁ እህቴ» አላትና እጁን ዘረጋላት። እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

በመጀመሪያ የሄደችው ከከተማው ጫፍ ወደሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጋጣ ነው። ጋሪ ነጂዎች ሁሉ ፈረስ ሲደክምባቸው እዚያ ያሳርፋሉ ብለዋታል። በሩ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የፋንድያው ቁልል ነው። ቁልል ማለት ያንሰዋል፤ የሰው ቤት ያክላል፣ ከአናቱ ላይ እንፋሎት ይወጣል፣ ዝንቡ እንደ ገበያ ይንጫጫል። አንድ እከካም ውሻ አጠገቡ ተጋድሞ ኩራት በሚመስል ፊት ያያታል። ከቁልሉ ጀርባ አሮጊቷ ብቅ አሉ፤ በአንድ እጃቸው መንሽ፣ በሌላው ዳቦ። የለበሱት ኮት ቀለሙ ድሮ ምን እንደነበር ልብስ አጣቢዋ እንኳ፣ በሙያዋ፣ ልትለየው አልቻለችም። እያኘኩ መጡ፤ መንሹን አጥሩ ላይ አስደገፉና በዚያችው ፋንድያ በነካች ጣታቸው ከጥርሳቸው መሐል የሆነ ነገር መንጭቀው አወጡ።

«ፈረስ አለሽ አሉ» አሏት። «እንኪ ቅመሺ ልጄ፣ ትኩስ ነው።» ከዳቦው ቆርሰው ሰጧት።

ይሉኝታ ይዟት በመሐረብ ተቀበለችው።

«ግቢና እያቸው እንጂ፤ ውስጥ ናቸው።»

«ሌላ ቀን እማማ። ዛሬ እቸኩላለሁ።»

ዳቦውን ከአጥሩ ጥግ ወረወረችው፤ ውሻው በላው። ዞር ስትል አሮጊቷ እያዩዋት ነበር። የራሳቸውን ማኘካቸውን ቀጠሉ። እትዬ በረኪና ቤቷ ስትደርስ ጫማዋን ከበር ውጭ አወለቀች፣ መሐረቡን በእንጨት ይዛ እሳት ውስጥ ጨመረችው፣ ከዚያ ፊቷን ሦስቴ ታጠበች። ያንን ሽታ ግን ከአፍንጫዋ ውስጥ ማን ያጥብላት!

ሁለተኛው ቦታ የባለጸጋ ልጆች ግልቢያ የሚማሩበት ነበር። እዚህ ስትደርስ ነፍሷ መለስ አለች። አጥሩ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ በየጋጣው በር የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ሥራ አስኪያጁ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ሽቶውን ነስንሶ፣ «እመቤቴ» እያለ ያስጎበኛታል። ጋጣው ወለል ላይ አዲስ ሰጋቱራ ተበትኗል፤ ነጭ፣ የእንጨት ሽታ ያለው። ልትስማማ አፏን ከፈተች።

እትዬ በረኪና ግን የአንሶላን ንጽሕና የምትፈትሸው ጠርዙን ገልብጣ ነው። ልማድ ሆኖባት በጃንጥላዋ ጫፍ ሰጋቱራውን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ጥቁር፣ ርጥብ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ የሽንት ጭቃ ወጣ። ፈረሱ እዚያ ላይ ቆሞ የበሩን እንጨት ይግጣል፤ አንገቱን ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ ዓይኑ ምንም አያይም።

«በየቀኑ ከላይ አዲስ እንጨምራለን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከሥር ያለውስ?»

«ከሥር ያለውን ማን ያያል እመቤቴ?»

ውስጡን ለቄስ! ከፋንድያው ቁልል ይልቅ ይህኛው አንገሸገሻት። በእሷ ሙያ ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም፤ ያልታጠበ አንሶላ ተኩሶና አጥፎ ለእንግዳ ማንጠፍ ማለት ነው። ለሰውዬው የጃንጥላዋን ጫፍ በአበባው ማሰሮ ላይ ጠርጋ መልስ ሰጠችውና ወጣች።

«ሰው ሁሉ ቆሻሻ ነው» አለች ለባሏ። «እዚሁ እኔው አስቀምጠዋለሁ።»

«የት? አልጋችን ላይ?»

«ማስጫው ቤት።»

ማስጫው ቤት ከማጠቢያው በስተጀርባ ያለ፣ በዝናብ ቀን ልብስ የሚሰጣበት ክፍል ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ላይ ፍሳሽ መውረጃ ያለው። ገመዶቹን ሰብስባ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብታ፣ ቅዳሜ ዳማውን አስገባችው። ባሏ በር ላይ ቆሞ አየና «ፈረስ ነው ወይስ የትራስ ልብስ?» አለ። ደስ ብሏት ነበር፤ በዕድሜዋ ሙሉ የራሴ የምትለው እንስሳ ኖሯት አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ፈረሱን ወደደችው። አንገቱን ስትቦርሸው ዓይኑን ይከድናል፤ ሻሿን በከንፈሩ ያሻሻል፤ ያንን የድሮ ረጅም ትንፋሹን ጆሮዋ ሥር ይለቅባታል። ሰው ቢተነፍስባት የምታብድ ሴት፣ ለዚህ ምንም አላለችም። በፍቅር ነው እንግዲህ የምታጥበው። ፋንድያው መሬት ሳይደርስ አካፋ ይዛ ትቆማለች። ገለባ ይቆሽሻል ብላ አላነጠፈችለትም። ድርቆሹን ሳይቀር አለቅልቃ ነው የምትሰጠው። ወለሉን በየጧቱና በየማታው በበረኪና ውሃ ታጥባለች፤ አራቱንም ሰኮና በልብስ ብሩሽ፣ በሳሙናና በበረኪና ትፈትጋለች። ከፈረሱ ሥር ወለሉ ደርቆ አያውቅም። ያበራል፤ ፊትህን ታይበታለህ።

ከዚያ ሽታው መጣ።

መጀመሪያ ስስ ነበር፤ ጣፈጥ የሚል፣ ግን ከጀርባው የበሰበሰ ነገር ያለበት። እትዬ በረኪና አፍንጫዋን ነፍታ ተነሣች። መጀመሪያ የከሰሰችው ፍሳሽ መውረጃውን ነው፤ አንድ ጀሪካን በረኪና ደፋችበት። ቀጥሎ የጎረቤቱን ሥጋ ቤት ከሰሰች፤ ሄዳ አምባርቃ መጣች። ከዚያ የባሏን ካልሲ።

«ካልሲዬን አንቺው አይደለሽ የምታጥቢው?» አለ ምስኪኑ።

«እግርህን ግን እኔ አላጥብም!»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሽታው በባሰ ቁጥር እጥበቱ ይጨምራል፤ እጥበቱ በጨመረ ቁጥር ሽታው ይብሳል። ዳማው በበኩሉ አንዱን እግሩን አንሥቶ ያሳርፍ ጀመር፤ ቀጥሎ ሌላውን። ድርቆሹን ይተዋል። ከዚያ ማነከስ መጣ። ባሏ የእንስሳት ሐኪም እንጥራ ቢላት «በዚያ የስንቱን ከብት ጉድ ሲረግጥ በዋለ ቦቲው? እዚህ ወለል ላይ? በመቃብሬ!» አለችው።

ቆዳ ነጋዴው ወሬ ይሸተዋል መሰለኝ፣ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። ንፍጡን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ አውራ ጣቱን በአጥሩ።

«እግሩ ከሄደ ፈረስ ምን ይሠራል እህቴ? ከስቶ ቆዳው ሳይበላሽ ብትሰጪኝ ለሁላችንም ይሻላል። ሰኞ ጋሪ ይዤ ልምጣ?»

«ጥፋ ከዚህ!» አለችው። ግን ድምጿ ተሰብሮ ነበር፤ ዳማው በሦስት እግሩ ቆሞ ነበርና። ሰውዬው «ሰኞ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እሷ ማስጫው ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከፈረሱ አንገት ሥር ቆማ አለቀሰች።

እንባዋን ጠርጋ ስትተነፍስ ሽታው አፍንጫዋን መታት። ከፍሳሹ አልነበረም። ጎንበስ ስትል በረታ። የበለጠ ስትጎነብስ ትንፋሿን ወሰዳት። ጋሪ ነጂው ሲያደርግ እንዳየችው ትከሻዋን ፈረሱ ላይ አስደግፋ እግሩን አነሣችና ሰኮናውን ገልብጣ አየች፤ እንደ አንሶላ ጠርዝ።

ከሰኮናው ሥር መሐል ላይ ጠንካራ መሆን የነበረበት ነገር ረጥቦ፣ ለስልሶ፣ ጠቁሯል። በጣቷ ብትነካው እንደ ከረመ አይብ ተፈረፈረ፤ ከሥሩም ያ ጣፈጥ ያለ የብስባሽ ሽታ ወጣ። ጥርጥር የለውም፤ ከዚህ ነው። ከዚህ ንጹሕ ጋጣ፣ ከዚህ ቀን በቀን ከታጠበ እግር።

የሚያስገርመው፣ ሽታው አዲስ አልሆነባትም። ታውቀዋለች። ቀስ ብላ እግሩን አወረደችና የጎማ ጓንቷን አወለቀች።

ከባሏ በቀር እጇን ያየ ሰው የለም። ነጩን የክር ጓንት ሰዎች ኩራት ይሉታል፤ ኩራት አይደለም። ዕድሜ ልኳን ውሃ ውስጥ የኖረ እጅ ነው፤ ላስቲክ ጓንት ውስጥም ሆኖ በላብ ይቀቀላል። ጥፍሮቿ ከሥራቸው ጠቁረዋል፣ ተላቅቀዋል፣ ጥጋ ጥጋቸው ያብጣል፣ ይመግላል። በእጥበቱ ብዛት እንጂ በእጥበት ማነስ አይደለም። አድጎ ከቤት የወጣውን ልጇን ወልዳ የተኛች ጊዜ ብቻ፣ ከውሃ የራቀችበት ጊዜ ስለነበር፣ ጥፍሮቿ እንደ ሰው ጥፍር ሆነው በቅለው ነበር። እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አንድ ነው። የፈረሱ እግርና የእሷ እጅ ሽታቸው አንድ ነው።

ይህን ያህል ራሷን ተጸይፋ አታውቅም። ግድግዳው ጥግ ሄዳ አስታወከች፤ ያስታወከችውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያው አላጠበችውም። የዚህን ፍጡር እግር በራሷ እጅ፣ በፍቅር፣ በብሩሽ እያሸች ነበር ስታበሰብሰው የከረመችው። ቆዳ ነጋዴው ቢያንስ በአንድ ቀን ነው የሚጨርሰው።

ደረቅ ቦታ! ፈረሱን ወዲያው ፈታችውና በዝግታ፣ እሱ እያነከሰ እሷ እየደገፈች፣ ከተማውን አቋርጠው ወደ አሮጊቷ ሄዱ። ጓንቷን ረስታው ነበር። የፋንድያው ቁልል እንደ ድሮው ይጤሳል፤ ዝንቡ እንደ ድሮው ይንጫጫል። አፍንጫዋን ይዛ አለፈችው። ካለፈችው በኋላ ግን ሽታው በኋላዋ ቀረ። ጋጣው ውስጥ የደረቀ ሣር ነበር የሚሸተው። መሬቱ ደረቅ አቧራ፣ ገለባው እስከ ጉልበት፣ ፈረሶቹ ሁለቱ ተኝተው፣ አንዱ ቆሞ እያንቀላፋ። ቆሻሻው ሁሉ ደጅ የተቆለለው ከውስጥ እየተዛቀ ስለወጣ ነበር። ያን ዕለት ትንሽ ራመድ ብትል ይህን ታየው ነበር፤ ዳቦውን መጣል አስቸኩሏት ነው።

አሮጊቷ መጡ፤ በዚያው ኮት። የዳማውን እግር አነሡ፣ አሸተቱ፣ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ከውሃ ላይ ነው ያቆምሽው?»

«አጠብኩት» አለች እትዬ በረኪና።

«ይዘገያል እንጂ ይድናል። ደርቆ መቆም ነው የሚፈልገው። ሐኪሙ ነገ ለሌላው ፈረስ ስለሚመጣ የዚህንም ብስባሽ ይቁረጥለት። በይ ልጓሙን ያዢልኝ...» አሉና እጃቸው ከእጇ ጋር ተነካካ። ዝቅ ብለው አዩት።

ኧረ ምን ዓይነት ፊት ነበር! እትዬ በረኪና ያንን ፊት በደንብ ታውቀዋለች፤ የራሷ ፊት ነው፣ እንቁራሪት የጨበጠ ሰው ፊት። አሮጊቷ ወደ ኋላ ዘለሉ።

«ወይ ጉዴ! ምንድን ነው ይሄ? ምን ነክቶሽ ነው? ዞር በይ ልጄ፣ ዞር በይ! ይህን እጅ ይዘሽ ፈረሶቼን እንዳትነኪብኝ!» እያሉ የተነካች እጃቸውን በዚያ ኮት ላይ ደጋግመው ጠረጉ። በዚያ ኮት!

እትዬ በረኪና እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ልትሸጉጥ አለች፤ ከዚያ ተወችው። ፊቷ ጋለ። በዕድሜዋ የተጸየፈችውን ሰው ሁሉ አስታወሰች፤ እንዲህ ነበር ለካ የሚሰማው።

ዳማው ገለባውን አሽትቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እየቃተተ ተኛ። እሷ ጋ ከመጣ ጀምሮ ተኝቶ አያውቅም፤ ርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማን ይተኛል? በረጅሙ ተነፈሰ። አሮጊቷ ለስለስ አሉ መሰል ከኮታቸው ኪስ ዳቦ አወጡና ቆረሱ። በእጃቸው ግን አልሰጧትም። ከአጥሩ እንጨት ላይ አስቀመጡላትና ራቅ ብለው ቆሙ። እትዬ በረኪና አንሥታ በላችው። ኪስ ኪስ ይላል፤ ትኩስም አልነበረም።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ እንደ ወትሮው ይተኩሳል። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አስገባችና ቆመች። የጋኑ ውሃ፣ የሳሙናው፣ የበረኪናው ሽታ እንደ ጥፊ መጣባት። ዕድሜ ልኳን የኖረችበት ሽታ ነው፤ ከዚህ በፊት ሸትቷት አያውቅም። ቋቅ አላትና አፏን ባልተሸፈነ እጇ ያዘች።

ባሏ ደነገጠ፤ ፈጥኖ ካልሲውን አየ። «ደግሞ ዛሬ ምን ሸተተሽ?»

«እኛ» አለች።